ሁለት ጭራሮ

የኔታ ያን ጠዋት የሰራፕታዋን መበለት ተረጎሙልን። ኤልያስ በረኃብ ዘመን ደጇ ደርሶ፣ ለእሷና ለልጇ ከቀረችው ዱቄት «አስቀድመሽ ለእኔ ጋግሪ፤ ዱቄትሽ አያልቅም» አላት። ጋገረች፤ ዱቄቱም አላለቀም። «መበለቲቱ ለማገዶ የለቀመችው ሁለት እንጨት መስቀሉ ነው፤ አንድም ሁለቱ ኪዳናት ናቸው» አሉ የኔታ፤ በትርጓሜ ቤት አንዱን ቃል በሌላ መንገድ ስንፈታ «አንድም» እንላለን። በሠላሳ ዓመቴ ገና ብሉይ ኪዳን ትርጓሜ ላይ ያለሁ ተማሪ ነኝና፣ አንድ ነገር የገባኝ ቀን ያቅበጠብጠኛል።

ከሰዓት በኋላ አኩፋዳዬን አንግቼ ቁራሽ ልለምን ወጣሁ። ነሐሴ ነው፤ ገብሱ አልደረሰም፤ የገሳይ መንደር ውሾች እንኳ ለመጮኽ ሰንፈዋል። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ባሏ አምና ከሞተባት ከውብአለም ደጅ ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም!» አልሁ። ከአጥሯ ሥር ጎንበስ ብላ ጭራሮ ትለቅማለች። በእጇ የያዘችው ሁለት ብቻ ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «እታለም፣ ይህ እኮ መስቀሉ ነው!» ብዬ የጠዋቱን ትምህርት ሁሉ ዘረገፍሁት።

ጭራሮውን አየች፤ እኔን አየች። «እንግዲያ ኤልያስ አንተ ነሃ?»

«ኧረ እኔስ...»

«ዱቄቴ የዛሬ ነው። ለእኔና ለማሬ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። አስቀድሜ ላንተ ልጋግር። አንተም እንደሱ ‹አያልቅም› በለኝና ብላ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን ቀልድ የለበትም። ልጇ ማሬ ከበሩ ብቅ ብላ አፍ አፌን ታያለች። ርቦኛል። አያልቅም ብል ውሸት ነው፤ ያልቃል ማለትም አቃተኝ።

«አንድም...» አልሁ፣ አፌ የለመደውን።

«አንድም ምን?»

ፈራሁ። የእንጨቱን ምሥጢር አውቄ ለዱቄቱ የምለው ቃል የለኝም።

«ቃሉን ስታገኘው ተመለስ» ብላኝ ገባች።

መንደር ለመንደር ዞርሁ፤ ማን ምን እንደ ሰጠኝ እንኳ አላስተዋልሁም። ሊመሽ ሲል ወደ ጉባኤ ቤቱ ስመለስ፣ እግሬ መልሶ እሷው ደጅ ወሰደኝ።

«ቃሉን አመጣህ?»

«አላመጣሁም» አልሁና አኩፋዳዬን ከፊቷ ገለበጥሁት። የደረቀ ዳቦ፣ ግማሽ እንጀራ፣ ጥቂት ቆሎ።

ቆጣ አለች። «ተማሪ ይለምናል እንጅ ይመጸውታል?» ማሬ ግን ቆሎውን አፍሳ ነበር። ውብአለም አልከለከለቻትም።

«ነገስ?» አለችኝ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«ነገም እለምናለሁ።»

ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም። ውብአለም ሁለቱን ጭራሮ አንሥታ «በል ግባ፤ ቂጣው ሊጋገር ነው» አለች።

አስቀድማ ለእኔ ሰጠችኝ። በላሁ፤ ግን እስካሁንም ግራ እንደ ገባኝ ነው። ይህ በየትኛው አንድም እንደሚገባ የኔታን ገና አልጠየቅኋቸውም።