አንደኛ ምርጫ

«አልፈርምም አልኩህ እኮ፣ አባዬ። መቶ ጊዜ ብትጠይቀኝም አልፈርምም።»

«መቶ ጊዜ አልጠየቅሁሽም። ገና ሦስተኛዬ ነው» አለ አባቷ፣ እስክሪብቶውን በቅጹ ግርጌ ካለው ባዶ መስመር ላይ አጋድሞ። «እናትሽም ተስማምታለች።»

«እማዬ ያለችው ‹እንደ ፍጥርጥራችሁ› ነው።»

«እሱ መስማማት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይሄን አጣዋለሁ?»

ከጎናቸው ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ጎረቤታቸው አንገቱን ብቅ አደረገ። «ኧረ ፈርሚለትና እንረፍ! ማሽኔ እንኳ ሕግና ታሪክ የሚሉትን ቃላት ለምዶ ብቻውን ሊያትማቸው ነው።»

ሁለቱም አልሳቁም።

አባትየው በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ለባለጉዳይ ሁለት ወንበር አለው። ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ውጤቷን ከተቀበለች ወዲህ በየቀኑ አብራው እየዋለች፣ ባለጉዳዮቹ የሚናገሩትን በእጅ ትጽፍለታለች። የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል መምረጫው ቅጽ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለትምህርት ቤቷ ካልተመለሰ፣ የምትማረውን ሌላ ሰው ይመርጥላታል።

ቅጹን አባቷ ሌሊቱ ሳይነጋ፣ እሷ ተኝታ ሳለች ሞልቶታል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቅጹን እሱ ዘንድ የሚያመጣው ለእጅ ጽሑፉ ሲል ነው፤ በዚያ ጽሑፍ አንደኛ ምርጫ በሚለው መስመር ላይ «ሕግ» ብሎ አስፍሯል። ሁለተኛው ላይ ደግሞ «ሕግ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ» ይላል። ክፋት አላሰበም። እንዳመጣልህ አሳምረህ ጻፍልኝ የሚሉት ሰዎች ሲመላለሱበት ኖረው፣ መጠየቅ የሚባለውን ነገር ዘንግቶት ነው።

«ታሪክ ተምረሽ የት ትገቢያለሽ?» አለ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አስተምራለሁ። ወይ ቤተ መዛግብት ውስጥ እሠራለሁ። ወይ ሙዚየም…»

«ሙዚየም! ከአጽም ጋር!»

«አጽም አይጨቃጨቅም።»

አባቷ በአገጩ የፍርድ ቤቱን በር አመለከታት። ዘበኞቹ የባለጉዳዮችን ኪስ ይዳብሳሉ፤ ጥቁር ቦርሳ የያዙትን ጠበቆች ግን ሰላምታ ሰጥተው ያሳልፋሉ። የእሱ ዓረፍተ ነገሮች ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው እጅ በዚያ በር ገብተዋል። እሱ ራሱ ከሬጅስትራሩ መስኮት አልፎ አያውቅም።

«ከቤቴ አንድ ሰው» አለ፣ «አንድ ሰው ብቻ፣ ሳይፈተሽ ሲገባ ልይ።»

ልጅቷን ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

በዚህ መሃል አንዲት አሮጊት ከፍርድ ቤቱ ወጥተው እያለከለኩ መጡና ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ጎረቤታቸው የመተላለፊያ መንገዳቸው ላይ ግንብ የሠራባቸው ሴት ናቸው፤ ክሳቸው ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር የተጻፈው።

«መለሱብኝ! ግንቡ መቼ እንደተሠራ አልተጻፈም አሉ» አሉ፣ ወረቀቱን እያርገበገቡ። «ነግሬህ አልነበረም እንዴ፣ ልጄ? ጣሪያው የተነቀለ ጊዜ ነው ብዬ?»

አባትየው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «እማማ፣ የምንከሰው ስለ ግንብ ነው፤ የጣሪያውን ወሬ ምን ያደርግልናል ብዬ ተውኩት።»

ሙያው መቁረጥ ነው። ሰው ግማሽ ቀን ያወራውን እሱ ግማሽ ገጽ ያደርገዋል። ልጅቷን ሲያሠለጥናትም መጀመሪያ ያስተማራት ምን እንደማይጻፍ ነበር። እሷም እሺ ትለዋለች፤ ግን ተዪው የሚላትን ሁሉ በሌላ ደብተር ላይ ታሰፍረዋለች። ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች።

«‹ግንቡን የሠራው ነፋሱ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ በነቀለ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የትኛው ዓመት እንደሆነ ግን ጠፋኝ›» ብላ አነበበች።

«ይኸዋ!» አሉ አሮጊቷ። «አፌን ነው የቀዳችው!»

«ትምህርት ቤቱ እኔ የተማርኩበት ነው። የጣሪያው ነገር ተጽፎ የተቀመጠ ቦታ አይጠፋም» አለችና ተነሣች። ቅጹ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የንብረት ክፍሉን ቁልፍ ሰጠቻት። ክፍሉ የተሰበሩ ወንበሮች፣ የድሮ ካርታዎችና በገመድ የታሰሩ ፋይሎች ሞልተውታል። ወለሉ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ፈታቻቸው። የምትፈልገው ደብዳቤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተገኘ፤ የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር ቆርቆሮ እንዲላክላቸው የለመኑበት ነው፣ ቀንና ዓመተ ምሕረት አለው። ያኔ መነሣት ነበረባት። ግን ከደብዳቤው ሥር ነፋሱ የበተነውን ቆርቆሮ ከሰው ማሳ ለቅመው የመለሱ ተማሪዎች ዝርዝር ነበር፤ ከዝርዝሩ ሥር ጣሪያ በሌለው ክፍል ውስጥ ስንት ወር እንደተማሩ የሚገልጽ ሪፖርት፤ ከሪፖርቱ ሥር አንድ ወላጅ የጻፉት የቁጣ ደብዳቤ። ሁሉንም አነበበች። ቀና ስትል ጥላው ዞሯል።

ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ኮፒ አንሥታ ኮፒው ላይ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ማኅተም መትታ፣ «ቅጽሽንስ?» አለቻት።

«ተበላሽቷል። ሌላ ይኖራል?»

«አባትሽ ጽፎት ይበላሻል?» አለች ጸሐፊዋ ተገርማ፤ ሆኖም ከመሳቢያዋ አዲስ ቅጽ አውጥታ ሰጠቻት።

አባቷ ግልባጩን ሲያይ ነገር ዓለሙን ረስቶ ከወንበሩ ተነሣ። «ማስረጃ ማለት ይሄ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ና እይ፣ ጠበቃ ወልጃለሁ!»

«ጠበቃ ሳልሆን እኮ ነው ያገኘሁት፣ አባዬ» አለች፣ አቧራውን ከእጅጌዋ እያራገፈች።

የፎቶ ኮፒው ሰውዬ አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ልጅቷን አየ። «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ተመለሰ።

ክሱ እንደገና ተተየበ። አባትየው መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። አንብቦ ያላሰማውን ወረቀት አያስፈርምም፤ ባለጉዳይ ያላልኩት ነው ያለውንም ቀድዶ ይጥላል። ከሌሎቹ ጸሐፊዎች እለይበታለሁ የሚለው በዚህ ነው።

«‹…ግንቡ በሚሠራበት ወቅትም ተቃውሞዬን ለተከሳሽ በቃል የገለጽኩ ሲሆን…›»

«አልገለጽኩም» አሉ አሮጊቷ።

«እማማ፣ ቢገባ ይጠቅምዎታል።»

«ቢጠቅምስ? ፈርቼው ዝም ነው ያልኩት። ያላልኩት ነው፣ ልጄ።»

አባትየው ወረቀቱን ከመኪናው መዝዞ ለሁለት ቀደደው፤ መኪናውን ሌላ አጎረሰና ከላይ ጀመረ። ሁለተኛው ሲነበብ አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና የጣት አሻራቸውን አኖሩ።

ያን ጊዜ ልጅቷ ከአሮጊቷ አጠገብ ባለው የባለጉዳይ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠዋት የተጣሉበትን ቅጽ ወደ አባቷ ገፋ አደረገችው።

«የኔንም አንብብልኝ።»

«ምኑን?»

«ሳታነብልኝ እኮ ነው ፈርሚ ያልከኝ።»

አባቷ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ስሟን አነበበ። ውጤቷን አነበበ። «‹አንደኛ ምርጫ፦ ሕግ።›»

«ያላልኩት ነው» አለች።

አባትየው ዓይኑን ከቅጹ አላነሣም። አሮጊቷ ያልሰማ መሰላቸውና «አላልኩም አለች እኮ» አሉት።

«ሰምቻለሁ፣ እማማ።»

ቅጹን ብዙ ጊዜ ይዞት ቆየ። ፊደሉ በጣም አምሮ ነበር። ቀስ ብሎ ቀደደው፤ ከአሮጊቷ ወረቀት ይልቅ የጠነከረ መሰለ።

ልጅቷ አዲሱን ቅጽ ዘረጋችለት። እስክሪብቶውን አነሣና ለማንም ባለጉዳይ እንደሚለው፣ «ምን ልጻፍ?» አላት።

«ታሪክ።»

«ስህተት ነው እያልኩ ነው የምጽፈው።»

«እሺ።»

«ሁለተኛስ?»

«ሕግ።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሳይቸኩል ጻፋቸው፤ ከስሟ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት፤ እሷም ፈረመች።

አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። አሮጊቷ ክሳቸውን ይዘው ወደ በሩ ሲያዘግሙ፣ ተራ የሚጠብቅ ጎልማሳ በቦታቸው ተቀምጦ ስለ ወንድሙ፣ ስለ ወንድሙ ሚስት፣ ስለ አንድ የሞተ በሬ ማውራት ጀመረ። አባትየው እጁን ሰድዶ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የተወችውን ደብተር ሳበና ባዶ ገጽ ገለጠ።

«ቀስ ብለው» አለ። «በሬው መቼ ነው የሞተው?»

የፎቶ ኮፒው ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ማሽኑ ውስጥ የተሰነቀረ ወረቀት እየጎተተ ነበር። ልጅቷ ቅጹን በቦርሳዋ ይዛ አጥሩን ተከትላ ሄደች፤ ዘበኞቹ የአሮጊቷን ነጠላ በሚዳብሱበት በር አጠገብ አለፈችና መንገዱን ወደ ትምህርት ቤቷ ተሻገረች።