ንጹሕ ገጽ

ልጄ ሚጢጢ ንባብን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ገና ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ጋዜጣም ስጧት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈ ወረቀትም ስጧት፣ ሳትደናቀፍ ታወርደዋለች። እኔም በዚህ ስኩራራ ነው የኖርኩት። ጉዱ ያለው ካነበበች በኋላ ነው። «ምን ይላል?» ብላችሁ ስትጠይቋት ዓይን ዓይናችሁን ታያለች።

ይህን የነገረችኝ መምህሯ ናት። ከምሠራበት ልብስ እጥበት ቤት ካውያዬን አስቀምጬ፣ ልሸለም የተጠራሁ መስሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩላት። «ልጅዎን ከክፍሉ የሚያህላት አንባቢ የለም» አለችኝ። ደረቴን ነፋሁ። «ያነበበችውን ግን አንዲት ነገር አታውቀውም። ዓርብ አንድ ተረት አስነብባታለሁ። በራሷ አፍ መልሳ ካልነገረችኝ ክፍሉን ትደግማለች።» ሚጢጢ ከጓደኞቿ ተነጥላ ከታናናሾቿ ጋር ልትቀመጥ ነው።

ጥፋተኛውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። ባለቤቴ ማተሚያ ቤት አራሚ ነው። የእነሱ ሥራ እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ነጥቡን ሳይቀር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ሊታተም የተዘጋጀውን በጣቱ እየተከተለ ስህተት ይለቅማል። ገጹ ስህተት ከሌለው «ንጹሕ!» ይባላል። ሚጢጢ ፊደል ከለየች ጀምሮ አባቷ ጠረጴዛው ማዶ አስቀምጦ በዚሁ መንገድ አስጠናት። እኔ ደግሞ እየተኮስኩ እሰማለሁ፤ ልጄ «አንድ ሰው ነበረ አራት ነጥብ» ስትል እስቃለሁ። መሳቄ ነው አሁን የሚቆጨኝ።

ማክሰኞ ማታ እኔ ራሴ ልሞክር ብዬ ከትምህርት ቤት የተሰጣትን ተረት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የአንዲት ግልገል ድመት ታሪክ ነው። እናቷ ምግብ ፍለጋ ወጣች፣ ዝናብ ዘነበ፣ መሸ፣ እናት አልተመለሰችም፣ ድመቷም ሞቃቱን ምድጃ ትታ በሩ ሥር ተኛች። ሚጢጢ አንዴም ሳታቆም ለቀቀችው።

«ድመቷ ለምን በሩ ሥር ተኛች?» አልኳት።

«ድመቷ በሩ ሥር ተኛች አራት ነጥብ።»

«እሱንማ ሰማሁ የኔ እናት። ለምን?»

ጣቷን መስመሩ ላይ እየጎተተች ፈለገች። «እዚህ የለም» አለች።

«እዚያማ አይኖርም፤ አንቺ አስቢው እንጂ። እኔ ከሥራ ሳልመለስ ብቀር ምን ታደርጊያለሽ?»

«አባዬ አለ።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። «እሺ፣ ተረቱ ስለ ምንድን ነው?»

«ንጹሕ ነው! አንድም ስህተት የለውም» አለች፣ በኩራት።

እንደገና አስነበብኳት፤ እንደገና ጠየቅኳት። ውሃ ቢወቅጡት ያው እምቦጭ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና ጮኽኩባት። ከዚያ በኋላ ገና «ለምን» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ትከሻዋን ታጥፍ ጀመር። የባሰ አበላሸሁት። እኔ ሸሚዝ እንዴት ሳይቃጠል እንደሚተኮስ አስተምራለሁ፤ ሰው እንዴት እንደሚገባው ግን ከየት ጀምሬ ላስተምር?

ባለቤቴ ነገሩን አቃለለው። «ልጅቷ አንድ ፊደል አትስትም። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ። እዚህ የማልደግመውን ስድብ ሰደብኩት፤ እሱ ግን እንዲህ ዓይነቱን ንግግሬን ሳያርም ነው የሚያሳልፈው።

ረቡዕ ማታ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው በሩን አንኳኳ። ዳቦ የጠቀለለበትን ጋዜጣ እጁ ላይ አጥፎታል።

«ምነው ጃል፣ የጋሼ ሰረዝ ቀብር ላይ አጣሁህ?» አለው ባለቤቴን።

ጋሼ ሰረዝ ባለቤቴን ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ነጠላ ሰረዝ ከጎደለ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። ባለቤቴ አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ስንጋባ በአባት ቦታ የቆሙለት እሳቸው ናቸው።

«የምን ቀብር?» አለ ባለቤቴ።

«አልሰማህም እንዴ? ጋዜጣው ላይ ወጥቶ!»

ባለቤቴ ጋዜጣውን ተቀበለ። ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ። የሐዘን ማስታወቂያ ነው፤ ሙሉ ስማቸው ተጽፏል፤ ከሥሩም ለረጅም ዘመን በማተሚያ ቤት በአራሚነት ያገለገሉ፣ በሁሉም የተወደዱ አባት እንደ ነበሩ ይናገራል።

«ይህን እኔ ነኝ ያነበብኩት» አለ።

«መቼ?» አልኩት።

«ከመታተሙ በፊት። እኔ ነኝ ያረምኩት። እዚህ ጋ፣ ‹ያገለገሉ› ከሚለው ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎ ነበር። እኔ ነኝ ያስገባሁት።» ጣቱን ሰረዟ ላይ አሳርፎ ቀረ። «ንጹሕ ብዬ አሳለፍኩት።»

ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን አስቀምጦ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በባለቤቴ የምቀልድበትን አላጣም ነበር። ያን ማታ ግን አንጀቴን በላው።

ሐሙስ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። ቀኑን ሙሉ ገጽ በገጽ ላይ ሲያገላብጥ ምን እንዳነበበ ራሱን እየጠየቀ፣ አንዱንም መመለስ እንዳቃተው ነገረኝ። ከዚያ ሚጢጢን ጠራት። እሷ እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ማዶ ሄደች፤ እሱ ግን ወንበሯን ስቦ አጠገቡ አስቀመጣት። ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ «ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?» አለኝ።

«እኔ ምኑን አውቄው» አልኩት። እውነቴን ነው።

«ዛሬ ነጥቦቹን ተያቸው፤ የድመቷን ታሪክ ብቻ አንብቢልኝ» አላት።

ሚጢጢ ጀመረች፤ ግን የመጀመሪያው መስመር መጨረሻ ላይ ስትደርስ እግሩ እንደ ተደናቀፈ ሰው ቆመች። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ተሳሳተች። ስትደናቀፍ አይቻት አላውቅም። አባቷ አላስቻለውም። «በቃ በቃ፣ እንደ ለመድሽው» አላት።

ያኔ እንደ ለመደችው ወረደች። እናት ወጣች አራት ነጥብ። ዝናብ ዘነበ አራት ነጥብ። እናቷ ግን ነጠላ ሰረዝ አልተመለሰችም አራት ነጥብ። ድመቷ በሩ ሥር ተኛች አራት ነጥብ።

ባለቤቴ አለቀሰ። እንባው ገጹ ላይ ጠብ አለ። እኔም ካውያውን አቁሜ፣ አሁን ታየዋለች፣ አሁን ይገባታል ብዬ ጠበቅኩ።

ሚጢጢ ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ፍርሃት መጣ።

«አባዬ፣ ምን ሳትኩ?»

«ምንም አልሳትሽም የኔ ልጅ።»

አላመነችውም። ጣቷን ወደ መጀመሪያው መስመር መልሳ፣ እርጥቡን ቦታ እየዘለለች፣ ፊደል በፊደል ፈለገች። ምንም አጣች።

«ታዲያ ንጹሕ ነው በለኛ!»

ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ንጹሕ ነው» አላት።

ሚጢጢ በደስታ አጨበጨበችና ለነገው ፈተና ቦርሳዋን ልታዘጋጅ ሮጠች።