የተሰረቁት አሥራ ሁለት ኪሎሜትሮች

ጡረተኛው ፖስተኛ ሦስተኛውን ብርጭቆ ሻይ ሲያነሡ ሟቹን ሌላ አሥር ኪሎሜትር አስኬዱት።

«ሃምሳ አልኳችሁ እንዴ? ስልሳ ነው። በዚያ ሐሩር፣ ባርኔጣ እንኳ ሳያደርግ። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።»

ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። የሟቹ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ጥርሷን ነከሰች። ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወሬ አሥር ኪሎሜትር የሄደው ሰውዬ በሁለተኛው ሠላሳ ገባ፣ ዛሬ ደግሞ ስልሳ። በዚህ አያያዙ ነገ ባሕር ይሻገራል።

እውነቱን እሷ ታውቀዋለች። ባሏ ጎማው፣ ብስክሌት ጠጋኝም ባለ ቦርጭም ስለነበረ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው፣ ከቤቱ እስከ ሱቁ ያለችውን ሁለት መቶ እርምጃ እንኳ በብስክሌት ነበር የሚሄዳት። ለዓመታዊው የአርባ ኪሎሜትር የእግር ጉዞ የምትለማመደው እሷ ነበረች። እሱ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዞ ከኋላ ይከተላታል። ለእሷ የተያዘውን ውሃ ግማሹን ራሱ ይጠጣና «ውሃ ጠጪ እንጂ!» ብሎ ይቆጣታል።

«ፀሐይዋ ናት የበላችብኝ» አሉ እትዬ፣ የሟቹ ታላቅ እህት። ይህን ሲሉ ቤቱ በሙሉ ወደ ሰፊዋ ዞረ፤ ፀሐይዋን ያወጣቻት እሷ ትመስል።

ሱቁ ጥላ ውስጥ፣ በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ ላይ የሚጠግነውን የጎማ ካላመዳሪ አጋድሞ ነው ልቡ ቀጥ ያለችው። ሐኪሙም ይህንኑ ብሏል። ግን ስልሳ ኪሎሜትር የሄደ ሰው በርጩማ ላይ ሞተ ቢባል ማን ያምናል?

እትዬ እግረ መንገዳቸውን ደነገጉ። ከነገ ወዲያ እሑድ ያለው የእግር ጉዞ በዚህ ቤት እንዳይነሣ፤ ሐዘንተኛ ሴት ደረቷ ላይ ቁጥር ለጥፋ አደባባይ እንዳትወጣ።

«ማን እሄዳለሁ አለ?» አለች ሰፊዋ።

እውነቷን ነው። መሄዱን የተወችው ገና እሱ በሕይወት እያለ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው በጋ ነው። የአርባ ኪሎሜትሩ ጉዞ ላይ ገብታ ሃያኛው ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ በእርዳታ መኪና ተጭና፣ በሰፈሩ መሐል ለመሐል አልፋ ቤቷ ተራገፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ «ጭነት» ሆነ። ቀሚስ ሊያሳጥር የሚመጣ ደንበኛ እንኳ «ጭነት አለች?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ዘንድሮ አርባውን በገዛ እግሯ ጨርሳ ያን ስም መጣል ፈልጋ ነበር። ፈልጋ ነበር ስንል፣ ጎማው ሳያስፈቅዳት አስመዘገባት፤ አንድ ሳምንት አኮረፈችው፤ ከዚያ ፈለገች።

በየሳምንቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ይወጣሉ። በቦዩ ዳር ባለው መንገድ የኪሎሜትር ድንጋይ የለም፤ ጎማው ግን ቀድሞ ለክቶ፣ በየግንቡና በየምሰሶው በኖራ ቁጥር ጽፎላታል። እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ጫማዋ ይፈታል። አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው የምታስረው። ሁለት እሰሪ ቢላት አትሰማም። ጎማው ታዲያ ከብስክሌቱ ይወርዳል፣ ቦርጩን አቅፎ ይንበረከካል፣ እንደ ወናፍ እያለከለከ ሁለተኛውን ይቋጥርላታል። እሷ ከላይ ሆና «ፍጠን እንጂ!» ትለዋለች።

ከሞቱ በፊት ባለው ሳምንት ጡብ ፋብሪካው ጋ ስትደርስ ግንቡ ላይ «31» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሄዳ ሠላሳ አንድ! ኤሊ ብትሆን አርባ ታስገባ ነበር። ቀይ አቧራው ላይ ዘጭ አለች። ተስፋ ቆርጣ ስታለቅስ እሱ ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«ሁለተኛ ስለ እግር እንዳታወራኝ» አለችው።

አላወራትም። ሦስት ቀን ዝም ብሎ ኖረ፣ በአራተኛው ሞተ።

ዳቦ አመላላሹ ሾፌር ወደ ማታ ገደማ መጣና በር ሥር ተቀመጠ። ከልምምዱ መልስ ሁለቱንም ከነብስክሌቱ በመኪናው የሚያመጣቸው እሱ ነበር። ሰፊዋ የተመዘገበችበትን ቁጥር ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው። ነገ በዚያው ሲያልፍ ለአዘጋጆቹ እንዲመልስላት ነገረችው። ሾፌሩ ወረቀቱን አገላበጠ። ሻዩን አስቀመጠ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፤ ይሄን አልመልስም።»

«ለምን?»

«ጡብ ፋብሪካው ሠላሳ አንድ አይደለም። አርባ ሦስት ነው።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«ቁጥሮቹን ሲጽፍ በኔ መኪና ነው የዞረው። ቆጣሪው አርባ ሦስት ሲል እሱ ሠላሳ አንድ ብሎ ጻፈ። ምን ነካህ አልኩት። ‹ሚስቴን የሚያስኬዳት ውሃ አይደለም፣ ንዴት ነው› አለኝ። ‹አርባ ካልኳት እግሯ ይፈራል። አነሰ ካልኳት ትናደድና ትጨምራለች።› እሑድ ጨርሰሽ ስትገቢ ሊነግርሽ ነበር። እስከዚያ እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«እኔማ ጠርጥሬ ነበር» አሉ ፖስተኛው።

ሰፊዋ ማንንም አላየችም። አሥራ ሁለት ኪሎሜትር! በጠራራ ፀሐይ፣ በእሷ እግር፣ አሥራ ሁለት ኪሎሜትር ሰርቋታል። ኤሊ ነኝ ብላ አልቅሳ ትራሷን ስታርስ አጠገቧ ተኝቶ ዝም!

«ይሄ ቀጣፊ» አለች። «አሁን ማንን ልቆጣ? ማንን ነው የምሰድበው?»

ተነሥታ ከበሩ ኋላ ጫማዋን አወጣች። የጡብ ፋብሪካው ቀይ አቧራ አልረገፈለትም። በለቀስተኛው መሐል ተቀምጣ እግሯን ከተተች። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጫማውን አዩ፤ ከዚያ አቧራውን፤ የወንድማቸውን ጃንጥላ ከተሰቀለበት አወረዱና አጠገቧ አጋደሙላት።

«እሑድ ገና ከነገ ወዲያ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ሰፊዋ የመጀመሪያውን ቋጠሮ አሰረች። እንደ ልማዷ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ ጠበቀች። እግሯ ፊት ያለው ወለል ባዶ ነው። የሚያለከልክ የለም።

«ፍጠን እንጂ» አለች በሹክሹክታ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን ራሷ ቋጠረችው።