የንጉሡ ምክትል በሴንት አልባንስ

"ቀስ! ቀስ በይ እንጂ! ቀዩ ጥለት ላይ ካውያውን አታቆዪ፤ የንጉሥ ልብስ ነው።"

ፋናዬ ካውያውን አነሳች። ከአረጋውያን መጦሪያው የማለዳ ሺፍቷን ጨርሳ ከገባች ገና የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ከእንግሊዝ አገር ወደ አውስትራሊያ ሊጠይቃቸው የመጣው የባሏ ታላቅ ወንድም አምኃ ግን በቁምጣና በነጭ ካልሲ ሳሎኑ መሃል ተገትሮ፣ ሱሪው ሲተኮስ ግድብ ሲመረቅ የሚያይ ይመስል በኩራት ይመለከታል። ከሰዓት በኋላ ክሬጊበርን በሚገኘው የማኅበረሰቡ አዳራሽ ንግግር ያደርጋል፤ ከጓሮውም አንድ ችግኝ ይተክላል። ባሏ አድማሱ ወንበር ሊደረድር ቀድሞ ሄዷል። ይህን የተከበረ ሰው በመኪና የማድረሱ ነገር ለፋናዬ ተትቷል።

"ሰይፉ ቢኖር ኖሮ እንዴት ባማረ!" አለ አምኃ።

"ጉምሩኮቹ አልለቀቁትም?"

"ሕግ ነው አሉኝ። የማን ሰይፍ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ እኮ! የያዘው ልጅ እግር ነው፤ አልገባውም።"

የአምኃ ሹመት እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር በየካውንቲው ንጉሡን የሚወክል አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ደግሞ በሥሩ ብዙ ምክትሎች አሉት፤ ዋናው ሳይመቸው ሲቀር ሪባን የሚቆርጡ፣ ችግኝ የሚተክሉ፣ መቶ ዓመት የሞላቸው አሮጊቶች ኬክ ሲቆርሱ አጠገባቸው ቆመው ፎቶ የሚነሱ። አምኃ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከነዚህ አንዱ ሆነ። ደመወዝ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ የሚያዘው ሰው የለም። የካውንቲውን ወሰን ከተሻገረ ደግሞ ያችም ፎቶ የለችም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የዚህ ሰውዬ ሹመት ግን የሚበላ ቀርቶ የሚሸተትም ነገር አልነበረውም።

ታዲያ ይህን ለሐበሻ ማን ይንገረው? አድማሱ "የንጉሡ ተወካይ ወንድሜ እየመጣ ነው" ብሎ ለአንድ ሁለት ሰው አወራ፤ በቃ። አገራችን ንጉሥ ካጣች ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ደጅ መጥናት ግን ከጉልበታችን አልወጣም። የአውስትራሊያም ንጉሥ ያው የእንግሊዙ መሆኑን ያወቀ ሁሉ፣ ከሰንሻይን ዌስት እስከ ክሬጊበርን እየተነሳ ሴንት አልባንስ ወዳለው የእነ ፋናዬ ቤት ጎረፈ። አንዱ የወንድሙን ቪዛ፣ ሌላው የተነጠቀውን የታክሲ ፈቃድ፣ ሦስተኛው ከጎረቤቱ ጋር የተጣላበትን አጥር ይዞ። አምኃ ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ ሁሉንም ይሰማል። "አየዋለሁ፤ ለሚመለከተው አደርሳለሁ" ይላል። የሚመለከተው ማን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ሲሰናበቱት ጀርባ ላለመስጠት ወደኋላ እያፈገፈጉ ስለሚወጡ የፋናዬን የጫማ መደርደሪያ ደጋግመው ገልብጠውታል።

ሱሪውን አጣጥፋ ስትሰጠው በመስኮቱ በኩል የቤተ ክርስቲያናቸውን አባል እትዬ እናኑን አየቻቸው። በረንዳው ደረጃ ላይ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ደወሉን አልነኩትም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ነበሩ፤ ሰውዬው ሲገባና ሲወጣ ዓይኑ እንዲያርፍባቸው ብቻ።

ፋናዬ ወጣች።

"እትዬ እናኑ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ዛሬ ሀሴት ጋ ቀጠሮ አልነበረዎትም እንዴ?"

ሀሴት ሰንሻይን ባለ የነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮ የምትሠራ ጠበቃ ናት። ቀጠሮውን ያስያዘችላቸው ራሷ ፋናዬ ነበረች። የእትዬ እናኑ የመጨረሻ ልጅ ትንሳኤ አዲስ አበባ ብቻዋን ቀርታለች። ቪዛዋ ተከልክሏል፤ የይግባኙም ጊዜ ዛሬ ቢሮ ሲዘጋ ያበቃል። እንደ አዲስ እንዳታመለክት ደግሞ ዕድሜዋ አልፏል። ወደ እናቷ የሚያስገባት የቀረ በር ይኸው ይግባኝ ብቻ ነው።

"ካንስል አደረግሁት" አሉ እትዬ እናኑ፣ ፊታቸው በርቶ።

"ምን አደረጉት?"

"ጋሼ አምኃ ነገሬን ይዘውልኝ የለ! ጉዳዬን ንጉሥ ይዞልኝ ሳለ ደግሞ ዳኛ ዘንድ ልሂድ? አላመንኩህም ማለት አይሆንም? አባቴ በርስት ነገር ሲከራከር ዳኛውንም ንጉሡንም ደጅ ጠና፤ ሁለቱም 'እዚያው ሂድ' እያሉት ሞተ። እንደዚያ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው።"

"እሳቸው ናቸው ይሰርዙት ያሉዎት?"

"'ከመንግሥት ጋር መካሰስ አያስፈልግም፣ ያስቀይማል' አሉኝ። ጌታ ለዚህ ጊዜ ነው ያመጣቸው። ጸልየንበታል፣ ልጄ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እዚህ ግን ቆጡ ላይም ምንም አልነበረም። ፋናዬ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ቤት ተመለሰች። አምኃ ኮቱን ለብሶ ኮሪደሩ ላይ ባለው መስታወት የብር ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየቆለፈ ነው።

"ጋሼ፣ የእትዬ እናኑን ነገር ለማን ነው የሚያደርሱት?"

"ለአለቃዬ አነሳዋለሁ። አመቺ ጊዜ ሲገኝ።"

"እሱስ?"

"እሱ እንግዲህ... ያስብበታል።"

"ንጉሡን አግኝተዋቸው ያውቃሉ?"

"አንድ ጊዜ በካውንቲያችን አልፈዋል። አጥሩ ጥግ ቆሜ እጅ ነስቻለሁ።"

"በመኪና ሲያልፉ?"

"መስኮቱ ክፍት ነበር" አለ አምኃ ተቀይሞ።

ፋናዬ ሳቋ መጣ፤ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ግን መረራት። ይህን ሰው ሳምንቱን ሙሉ አብልታ፣ አጥባ፣ ተኩሳለታለች።

"የራስዎን ሰይፍ ከጉምሩክ ማስለቀቅ አቅቶዎት የሰው ልጅ ከኢሚግሬሽን ሊያስለቅቁ ነው? ሴትዮዋ በእርስዎ ቃል ቀጠሯቸውን ሰርዘዋል። ዛሬ ካላስገቡ ልጅቷ ቀረች። አሁኑኑ ይውጡና 'ምንም ማድረግ አልችልም' ይበሏቸው።"

"አሁን?" አምኃ በመስታወቱ ውስጥ አያት። "ይህን ልብስ ለብሼ? ያ ሁሉ ሰው እየጠበቀኝ? ነገ እነግራቸዋለሁ።"

"ነገማ ምን ሊረባቸው!"

"ስሚ ፋናዬ፣ ሰው ተስፋም ያስፈልገዋል። ተስፋ መስጠትም አገልግሎት ነው። ደግሞ የእኔ ስም የባልሽም ስም ነው። በሰው ፊት እንዳታዋርጂን።"

ስልኳ ጮኸ። አድማሱ ነበር።

"የት ደረሳችሁ? አዳራሹ ሞልቷል! መጋቢ ጳውሎስ ጸሎት ሊጀምሩ ነው፤ ቶሎ በሉ እንጂ!"

"እየወጣን ነው" ብላ ዘጋችው።

ይሉኝታ ክፉ ነው፤ እግር ከወርች ያስራል። የባሏን ፊት አሰበች። በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሚንሾካሾኩትን ሴቶች አሰበች። "የባሏን ታላቅ አዋረደችው፤ ምን ጉድ ናት!" ሲሉ ገና ሳይሉት ሰማቻቸው። ፈራች። ከዚያ ትንሳኤን አሰበች። አግኝታት አታውቅም፤ በእናቷ ስልክ ላይ አፏን በእጇ ሸፍና ስትስቅ ብቻ ነው ያየቻት።

አምኃ ባርኔጣውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። እትዬ እናኑ ተነስተው እጅ ነሱ፤ ዳቦውንም በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። "ይባረኩ፣ ይባረኩ" ብሎ ሳይቀበላቸው አለፈና፣ እንደ ልማዱ ከኋላ ወንበር ገብቶ በሩ እስኪዘጋለት ጠበቀ።

ፋናዬ በሩን አልዘጋችም።

"እትዬ እናኑ፣ እኚህ ሰው ምንም ማድረግ አይችሉም" አለች ጮክ ብላ። "ንጉሡን አያውቋቸውም። ንጉሡም እሳቸውን አያውቋቸውም።"

"ተይ እንጂ ልጄ፣ ይሰማሉ!"

"ይስሙ። ራስዎ ይጠይቋቸው።"

እትዬ እናኑ ወደ መኪናው ቀርበው ጎንበስ አሉ።

"ጋሼ አምኃ፣ ለትንሳኤ ይደርሱላታል አይደል?"

አምኃ ነጭ ጓንቱን ጣት በጣት አስተካከለ። ቀና ብሎ አላያቸውም።

"ሂደት አለው፣ እትዬ እናኑ። እንዲህ ያለ ነገር... ሂደት አለው።"

እትዬ እናኑ እንዳጎነበሱ ቆዩ። ይህችን ቃል ያውቋታል፤ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ስትነገራቸው የኖረች ቃል ናት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን የለም።

"ስንት ሰዓት ነው፣ ልጄ?" አሏት ፋናዬን።

ፋናዬ ወዲያው ለሀሴት ደወለች። "ከመዝጋታችን በፊት ካደረስሽልኝ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ" አለች ሀሴት፤ "ግን አሁኑኑ ተነሱ!" ክሬጊበርን ወደ ሰሜን ነው፣ ሰንሻይን ወደ ደቡብ። ሁለቱን ለማዳረስ ጊዜ አልነበረም።

"ይውረዱ፣ ጋሼ።"

"ምን?"

"እኛ ወደ ሰንሻይን ነን። ይውረዱ።"

"አዳራሹስ? እኔን እኮ ነው የሚጠብቁት!"

"አውቶቡሱ ከጥጉ ላይ ይቆማል።"

አምኃ ወረደ። ያን ሁሉ የብር ቁልፍ እንደቆለፈ በፀሐዩ አስፋልቱ ላይ ቆመ። አትክልት ያጠጣ የነበረው ቬትናማዊ ጎረቤት የውኃ ጎማውን እንደያዘ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ ምንም እንዳላየ ሁሉ ወደ አበባው ዞረ።

ፋናዬ እትዬ እናኑን ከፊት አስቀምጣ ቀበቶ አሰረችላቸው። የመኪናውን ቁልፍ ልታዞር ስትል እጇን መለሰች። በአንድ ሳምንት ውስጥ በዚያ ሶፋ ፊት የተቀመጡት ሌሎች ሰዎች ትዝ አሏት፤ ማን ምን እንደሰረዘ ማን ያውቃል? ስልኳን አወጣችና የቤተ ክርስቲያኑን ግሩፕ ከፍታ፣ የድምፅ መቅጃውን ተጭና ያዘች።

"ፋናዬ ነኝ፣ የአድማሱ ባለቤት" አለች። "ጋሼ አምኃ የማንንም ቪዛ ማስጨረስ አይችሉም። እሳቸውን አምኖ ቀጠሮ የሰረዘ ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሶ ያስይዝ።"

ጣቷን አነሳችው፤ መልእክቱ ሄደ። ከዚያ መኪናውን አስነሳች።