የጾመ ልጅ ሦስት ዓሣ

አያ ውቤ የውሃ ዳኛ ተብሎ በሽማግሌ ከተመረጠ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎት አያውቅም። ዓቢይ ጾም ከገባ አራተኛ ሳምንቱ ነው፤ አራቱንም ሳምንት ሲቆጣ ከርሟል። ሚስቱ ደጊቱ፣ «ሰው ሲጾም ሥጋው ይቀንሳል፤ ያንተ ግን ትዕግሥትህ ነው የቀነሰው» ትለዋለች። እውነቷን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳንግላ ወረድ ብሎ፣ የክልቲ ወንዝ ሰፋና ጠለቅ የሚልበት ቦታ አለ፤ የሰፈሩ ሰው «ባሕሩ» ይለዋል። ካህናቱ ቢከራከሩበትም እዚያ ሰፈር ዓሣ ለጾም ይበላል። ታዲያ አምና፣ በሃምሳ ሦስት፣ ወርቅአየሁ የሚባል ጉልበተኛ ገበሬ ሁለት አቁማዳ የብርብራ ፍሬ አስወቅጦ ባሕሩ ላይ በተነበት። ብርብራ ዓሣ ያሰክራል። ትልቁም ትንሹም፣ ትናንት የተፈለፈለውም ሳይቀር፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ሰው በእንቅብ እየለቀመ በላ፤ የተረፈው ሸተተ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ክረምት ድረስ ከባሕሩ አንድ ዓሣ ያገኘ ሰው ቢኖር ስለት የሰመረለት ይመስል ነበር።

ዘንድሮ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደንብ አወጡ። ብርብራ ቀርቶ በመንጠቆ ብቻ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ፤ ከስንዝር ያነሰ ወደ ውሃው ይመለስ፤ ለአንድ ሰው አምስት ዓሣ። እስከዚህ ድረስ መልካም። ጣጣው የመጣው ከልጆች ነው። ልጅ ከአዋቂ ጋር ሲመጣ ስንት ያውጣ? አንዱ ሁለት አለ፣ ሌላው ምንም አይገባውም አለ። ግማሽ ቀን ተከራክረው በመጨረሻ፣ «የሚጾም ልጅ ሦስት ዓሣ ይገባዋል፤ የማይጾም ልጅ ወተቱን ይጠጣ፤ የመንጠቆ ዘንግ ቢይዝም ያወጣው ካመጣው ሰው አምስት ላይ ይቆጠር» ብለው ተስማሙ። ከዚህ ያለፈ ሰው ትርፉን ዓሣ ለቆሎ ተማሪ ይሰጣል፤ ዘንጉንም እስከ ፋሲካ ይሰቅላል።

ወርቅአየሁ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ይሁን። ግን ደንባችሁ አንድ ቀን የፈረሰ እንደሆነ ብርብራዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም» አለ። ሽማግሌዎቹም ደክሟቸው ነበርና «እሺ» አሉት። አያ ውቤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ያን ውሃ ይወደዋል፤ አባቱ ዋና ያስተማረው እዚያ ነው። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ጊዜ ብርብራ ከገባበት ባሕሩ እንዳለቀለት ያውቃል።

አበስኩ ገበርኩ፣ ከዚያ በኋላ ያየው ጉድ! በፊት በሰፈሩ የሚጾም ልጅ በጣት ይቆጠር ነበር። ደንቡ ከወጣ በኋላ ጡት ያልጣለው ሁሉ ጿሚ ሆኖ አረፈው። የልደት ቀን የጻፈ የለ፤ ለጾም የሚበቃበትን ሰባት ዓመት ሞላው ከተባለ ሞላው ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤቱ አበረ የሦስት ዓመት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ መጣ።

«ይሄ ይጾማል?» አለው አያ ውቤ።

«አባቴ ይሙት፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሯል።»

«ከመጾሙ በፊት ንፍጡን መጥረግ ቢጀምር ምን ይለዋል?»

ሰዉን መጠየቅ ውሃ መውቀጥ ሆነበት። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሌላ ዘዴ አመጣ፤ ልጆቹን ራሳቸውን መጠየቅ። ልጅ ቢዋሽ እንኳ ገና አልለመደውም ብሎ ነው። የሚጾም ልጅ እንደ አዋቂው ቀትር ሳያልፍ እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ልጆቹን በየተራ ጠራ። ወላጆቹ ከእሱ ጋር በአማርኛ እየተጨዋወቱ ልጆቻቸው ጆሮ ውስጥ በአገውኛ ያንሾካሹካሉ፤ አገውኛ የእሱም የእናቱ ቋንቋ መሆኑን የረሱት ይመስል።

የአበረ ትልቁ ልጅ ደሴ ቀረበ።

«ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?»

«ምንም።»

«ጭራሽ ምንም?»

«ምንም። ከእንቁላሉ በቀር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አያ ውቤ አልሳቀም። ከአበረ ስምንት ዓሣ ሦስቱን አንስቶ ለቆሎ ተማሪ ወደተዘጋጀው ቅርጫት ወረወረ፤ «ዘንግህን ስቀል» አለው። አበረ ልጁን በዓይኑ ጠበሰው። ቀጥሎ የመጣው ልጅ ምን እንደበላ ሲጠየቅ ሰማይ ሰማይ አየና፣ «እማዬ በል ያለችኝን ረሳሁት» አለ። እሱም አባቱን ሦስት ዓሣ አስከፈለ። አንድ ገበሬ ደግሞ አምባዛ አውጥቶ፣ «ቅርፊት የለውም፣ ክርስቲያን አይበላውም፣ ስለዚህ አይቆጠርም» ብሎ ተሟገተ። «ካልበላኸው ለምን ጆንያ ውስጥ ደበቅኸው?» ቢለው አምባዛውን ራሱ አውጥቶ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለ። አያ ውቤ ራሱን ያዘ። እግዜር በኖኅ ዘመን ሰዎች ላይ ውሃ የላከበት ምክንያት ያን ዕለት ገባው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወርቅአየሁ አህያውን እየነዳ ወርዶ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። አህያዋ የተጫነችውን አቁማዳ ያላየ የለም። ዳኝነቱን ጥርሱን እየፋቀ ሲያይ ቆየና፣ «አያ ውቤ፣ የሰውን ልጅ ጠየቁ፤ ደግ አደረጉ። የእርስዎንም ልጅ ይጠይቋታ» አለ።

ያለው አጠገቡ የተቀመጠችውን ውዴን ነው፤ የልጅ ልጁ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እሱ ጋ ነው ያደገችው። ጾሙ ሲገባ፣ «እኔም እጾማለሁ» ብላ አሻፈረኝ ስትል ለሰፈሩ ሁሉ በኩራት ያወራው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንደ መነኩሴ ጾመች። ከዚያ ሳል ያዛት፤ ሌሊት ሌሊት ደረቷ ሲያፏጭ አላስችለው አለና ጎህ ሲቀድ ላሚቱን እያለበ ትኩስ ወተት ያጠጣት ጀመር። እሱ ይህን መብል ብሎ አስቦት አያውቅም፤ መድኃኒት ነው። ዛሬም ጠዋት አጠጥቷታል። ከፊቷ ግን ስምንት ዓሣ ተደርድሯል፤ የሱ አምስት፣ የሷ ሦስት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም ብል ማን ያምነኛል? ግን እንደዚያ ነው። የሰው ውሸት ሲቆጥር የዋለ ሰው የራሱን የሚቆጥርበት ጣት አይተርፈውም።

ፊቱ ፍም መሰለ። «ውዴ» አላት፤ ድምፁ ቀነሰ። «ዛሬ ጠዋት ምን ቀመስሽ?»

ልጅቷ አየችው። እውነት የተናገረ ልጅ ሁሉ አባቱን ሲያስቀጣ ስታይ ውላለች። አቁማዳውንም አይታለች።

«ምንም አልቀመስሁም፣ አባባ» አለች፤ ዓይኗን አላርገበገበችም።

«ይኸውላችሁ፣ የጨዋ ልጅ» አለ አንዱ ከኋላ። ወርቅአየሁ እንኳ ትከሻውን ነቅንቆ የአህያውን ልጓም ያዘ። በቃ፤ ባሕሩ ተርፏል። አያ ውቤ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ዝም ለማለትም ሞክሯል፤ እስከ አምስት ያህል ቆጠረ። ግን የልጅቷ ዓይን አላስቀምጠው አለ። እነዚያ ሁሉ ልጆች ውሸት ተምረው የመጡት ከየቤታቸው ነው፤ ውዴን ግን እዚሁ ውሃ ዳር፣ በዱላው ፊት ያስተማራት እሱ ነው።

«ዋሽታለች» አለ። «ወተት ጠጥታለች። ያጠጣኋትም እኔ ነኝ።»

ወርቅአየሁ ልጓሙን ለቀቀ። «ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ። ዳኛው ራሱ አፈረሰው፤ እንግዲህ ደንብ የሚባል ነገር የለም» አለና አቁማዳውን መፍታት ጀመረ።

በዚህ መሀል ግን አያ ውቤ ጭራሽ ያልጠበቀው ሰው ብድግ አለ፤ አበረ።

«ማነው ፈረሰ ያለህ?» አለ ወርቅአየሁን። «የኔ ሦስት ዓሣ ቅርጫት ገብቶ፣ የኔ ዘንግ ተሰቅሎ፣ የሱ ተራ ሲደርስ ደንቡ ይፍረስ? አይ፣ እንዲህ አንጫወትም። እንደ እኔ ይቀጣ እንጂ።»

«ይቀጣ» አለ ባለ አምባዛው። «የሱንም ሦስት ወደ ቅርጫት» አለች የዚያ የረሳው ልጅ እናት። ያን ዕለት የተቀጣ ሁሉ፣ አራት ሳምንት ደንቡን ሲረግም የከረመ ሁሉ፣ ደንቡን ሙጭጭ አድርጎ ያዘው። ለባሕሩ አዝነው አይምሰላችሁ፤ ብቻቸውን መቀጣት ከንክኗቸው ነው። አበረ ሄዶ አቁማዳው ላይ ተቀመጠበት። ወርቅአየሁ ከአንድ ሰው ጋር ይጣላል፤ ከሰፈር ሁሉ ጋር ግን አይጣላም። ትንሽ አጉረመረመና አህያውን መለሰ።

አያ ውቤ ሦስቱን ዓሣ በገዛ እጁ ቅርጫት ውስጥ ጨመረ። የዳኝነቱን ዱላ ለአበረ ሰጠው፤ አበረም እየተነጫነጨ ተቀበለው። ባሕሩ እንደተረፈ ሲያስብ ልቡ ቀለል አለው፤ ከአራት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆጣው ሰው አጣ። የዘንጉን ክር ጠቅልሎ አቀበቱን ሲጀምር ነው ውዴ እንዳልተከተለችው ያወቀው። ታች ቆማለች።

«በይ ነይ እንጂ» አላት።

«ሰው ሁሉ ልጁን ዋሽልኝ ብሎ ይለምናል» አለች። «እኔ ሳይለምኑኝ ዋሸሁልዎት። እርስዎ በሰው ፊት ውሸታም አሉኝ። ወተቱን እንቢ ስል፣ ጠጪ፣ መድኃኒት ነው፣ ጾም አያፈርስም ያሉኝም እርስዎ ነዎት።»

አራት ሳምንት ሙሉ ለሰው ልጅ ሁሉ መልስ ነበረው። አሁን ግን አቀበቱን ተመልሶ ወረደ፤ አጠገቧ ደርሶም ዘንጉን መሬት ላይ አጋደመ።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«እሱን እዚያ ይንገሯቸው» አለችው፤ ወደ ሰዎቹ በአገጯ እያመለከተች።