የበርኖሱ ጠርዝ ፔኒዎች

መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ላይ፣ ልብስ ሰፊውን አባይነህን ሰው ሁሉ «አባይነህ ሳንቲም» ይለዋል። የድሮ የእንግሊዝ ሳንቲም ይሰበስባል፤ ያውም ወርቁንና ብሩን ሳይሆን ዝርዝሩን፣ ፔኒውንና ግማሽ ፔኒውን። የጀመረው የዛሬ ሃያ ዓመት ነው። አንድ ሽማግሌ በርኖሳቸውን ሊያሳጥሩ አምጥተው ጠርዙን ሲፈታው ሦስት ትልልቅ ቡናማ ሳንቲሞች ዱብ ዱብ አሉ። የመንዝ ነፋስ በርኖስ ስለሚገልብ የድሮ ሰው ጠርዙ ውስጥ ክብደት ያለው ነገር ይሰፋ ነበር፤ አንዳንዱ ጠጠር፣ አንዳንዱ እርሳስ። የእኚህ ሰው አባት ግን እንግሊዞች ጣልያንን ሊያስወጡ በመጡ ጊዜ እንቁላል ሸጠውላቸው ያገኙትን፣ ገበያ ላይ ማንም አልቀበልም ያላቸውን ገንዘብ ሰፍተውበት ኖሯል።

«ውሰደው ልጄ፣ ለእኔ ከጠጠር አይሻልም» አሉት።

አባይነህ ከአቡጀዲ ረጅም ጨርቅ ቆርጦ ብዙ ትንንሽ ኪስ ሰፋበት። በየኪሱ ላይ በቀይ ክር ፔኒው የተሠራበትን ዓመት ጠለፈ። ያገኘውን እየከተተ፣ ያላገኘውን ባዶውን ትቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሰው ይስቅበታል፤ የቢራ ቆርኪ አምጥቶ «ይቺንስ?» የሚለውም አይጠፋም። እሱ አይቀየምም። አልጋ ላይ የዋሉ እናቱን ሲያስታምም ዕድሜው አርባን አለፈ፤ እናቱ ሲያርፉ ከስፌት መኪናውና ከዚያ ጨርቅ በቀር ቤቱ ውስጥ ምንም አልቀረም።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ነጠላዋን አጣፍታ አንዲት ሴት ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«የእንግሊዝ ሳንቲም የምትሰበስበው አንተ ነህ?»

«ነኝ፤ ግቢ።»

ከመቀነቷ አንድ ፔኒ ፈትታ ሰጠችው። ጥሩሸዋ ትባላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዘመሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኘው በወንድሟ በማሙሽ ቤት ትኖራለች፤ የበግ ጠጉር ፈትላ ትሸጣለች። ሳንቲሙ ከአባቷ በርኖስ ጠርዝ የወጣ ነው።

«ሌላም አለ?» አላት።

«አለ መሰለኝ። ገና ስፌቱን ፈትቼ አልጨረስኩትም።»

ገንዘብ ሊሰጣት ቢል አልቀበልም አለች። የቀሚሷን እጅጌ ጠቀመላት፣ ከጎረቤት ሻይ አስመጣላት፣ ስለ ገብስና ስለ ብርዱ አውርተው ሄደች። በሚቀጥለው ገበያ አንድ ፔኒ ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላም በየገበያው አንድ አንድ፤ አምስት ሆኑ። አባይነህ ልብስ ሰፊ ነው፤ የአንድ በርኖስ ጠርዝ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ተፈትቶ እንደሚያልቅ ያውቃል። ግን አልጠየቃትም። በገበያ ቀን ጠዋት ጢሙን መላጨት ጀመረ፤ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ሁለት ጊዜ በር በሩን ያያል።

ዓቢይ ፆም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጥሩሸዋ ቀረች። ገበያው እስኪበተን ጠበቃት። ማግሥቱን አንድ ትከሻው ሰፊ ሰው በርኖስ በክንዱ ይዞ ሱቁ ገባና በርኖሱን የስፌት መኪናው ላይ ወረወረው።

«እኔ የጥሩሸዋ ወንድም ነኝ። እህቴን ሞኝ አግኝተህ ትዘርፋታለህ!»

«ምን ዘረፍኳት?»

«የአንዱ ዋጋ መኪና እንደሚገዛ በስልክ አይቻለሁ። አንተ በሻይ ትወስዳለህ!» ከኪሱ የተቋጠረ መሀረብ አውጥቶ ፈታው። ስድስት ፔኒ ነበር። «ይኸው፣ ከሣጥኗ ሥር ያገኘሁት። በጥምቀት ሰሞን ባንድ ቀን ማታ ጠርዙን ሁሉ ፈትታ አሥራ አንዱንም ቋጥራ አስቀምጣቸዋለች። ሚስቴ አይታታለች። አንድ አንድ እያልክ ልትጨርሳቸው ነበር!»

አባይነህ የሰማውን በልቡ ደገመው። በጥምቀት ሰሞን! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉም በእጇ ነበር ማለት ነው። ሊቆጣ ሲገባው ፊቱ በፈገግታ ተሞላ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ምንም፣ ወንድሜ። ተቀመጥ እስቲ፤ ዋጋውን አብረን እንጠይቅ።»

አዲስ አበባ የሚኖር አትናቴዎስ የሚባል የድሮ ገንዘብ ነጋዴ በስልክ ያውቅ ነበር። ደወለለትና ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አደረገ።

«የእንግሊዝ ፔኒ?» አለ አትናቴዎስ። «በሚሊዮን የሚቆጠር ነው የተሠራው። ያልፈዘዘ ከሆነ የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ቢያወጣልህ ነው።»

«መኪና የሚገዛውስ?» ማሙሽ ጠየቀ።

«አለ ይባላል። እኔ በሠላሳ ዓመት ንግዴ አላየሁትም።»

ስልኩ ተዘጋ። ማሙሽ መሀረቡን ከነሳንቲሙ ወደ አባይነህ ገፋው። አባይነህ ስድስቱን አንድ በአንድ እያገላበጠ አያቸው። አራተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ 1919 ይላል። ለዚያ ዓመት የጠለፈው ኪስ ከተሰፋ ጀምሮ ባዶ ነው። ትንሽ አሰበና መርፌውን አነሣ። በርኖሱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስድስቱንም፣ ያንንም ጨምሮ፣ ወደ ጠርዙ መልሶ ይሰፋቸው ጀመር። ጥሩሸዋ ያመጣቻቸውን አምስቱንም ከግድግዳው ጨርቅ አውጥቶ ጨመራቸው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ማሙሽ።

«የአባታችሁ ነው። በዚህ ነፋስ በርኖሱ ይገለብብሃል።»

ማሙሽ በርኖሱን ለብሶ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ እጅ ነሥቶት ሄደ።

በሚቀጥለው ገበያ ጥሩሸዋ ባዶ እጇን መጣች። አልተቀመጠችም።

«ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ ያንተን ነገር ሲያወራ ሰነበተ። ለምን መለስካቸው?»

«እኔ ስጠብቅ የነበረው ሳንቲሙን መስሎሻል?»

ቀና ብላ አየችው። «ታውቅ ነበር?»

«ወንድምሽ እስኪነግረኝ አላወቅሁም። ግን ተመኝቼ ነበር።»

«አሥራ አንዱንም ባንዴ ባመጣልህ ኖሮ» አለች ነጠላዋን ወደ አፏ እየሳበች፣ «ከዚያ በኋላ በምን ሰበብ እመጣ ነበር?»

አባይነህ ወንበሩን በእጁ ጠረገላት። ያን ቀን ሻዩ ቀዝቅዞ ሁለት ጊዜ ተለወጠ።

ፋሲካ ሲወጣ የነፍስ አባቱን መምሬ ገብረ አማኑኤልንና ሁለት ጎረቤቶቹን ሽማግሌ ላከ። ማሙሽ በሥርዓቱ «እስቲ ዘመድ ላማክር» ቢልም ለሽማግሎቹ ጠላ የቀዳላቸው ራሱ ነበር። በግንቦት ተጋቡ። ሱቁ ውስጥ ጥሩሸዋ ጠጉር የምትፈትልበት ጥግ ተበጀላት።

መስከረም ላይ ጥሩሸዋ «ራቤል ከተማ ሄደን አናውቅም፤ እዚያ የድሮ ሣጥን አይጠፋም» ብላ አነሣሣችው። አባይነህ ድሮ ሳንቲም ፍለጋ ብቻውን መንደር ለመንደር ሲዞር አሮጊቶች ደጃፍ ላይ አቁመው ነበር የሚሸኙት። አሁን ግን እማማ ጌታነሽ የሚባሉ ሴት አጥራቸውን ከፍተው ጥሩሸዋን አስገቧት።

«ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አሏት።

«ባሌ ነው» አለች ቶሎ። «የእንግሊዝ ሳንቲም እንፈልጋለን።»

አባይነህን በሰው ፊት እንዲህ ስትለው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር፤ እሱ ኮሌታውን አስተካከለ።

«ሳንቲም? እናቴ አንዳች ነገር ትታ ነበር። ቆዩማ» አሉ እማማ ጌታነሽ፣ ወደ ጓዳ እየገቡ። «ፍለጋው ጊዜ ስለሚወስድ ተቀመጡ እንጂ፣ ልጆቼ።»

ሁለቱ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከጓዳው የሣጥን ክዳን ሲነሣ ይሰማል።