የተጠረገው ኩሬ

ጉድ እኮ ነው፣ ሰው ኩሬ ይጠርጋል? የልጅቷ አጎት ጠረጉት!

ልጅቷ ከፍሳሽ ማጣሪያው ጀርባ፣ ተጣርቶ በተጠራቀመው የኩሬ ውሃ ላይ፣ ምስር የምታክል ተንሳፋፊ ቅጠል ታበቅላለች። ቅጠሏ ከፍሳሹ የተረፈውን እየበላች ትባዛለች፤ ስትደርቅ መኖም ማገዶም ይወጣታል። የሥራ ባልደረቦቿ «የሽንት ቤት ጎመን ደረሰ ወይ?» እያሉ ሲያሾፉባት ጥርሷን ነክሳ ቻለች። ዛሬ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሥራዋን የሚገመግሙ እንግዶች ይመጣሉ። ኩሬው አረንጓዴ ለብሶ ካዩ ሥራ የፈቱትን ኩሬዎች ሁሉ ይሰጧታል፤ ካላዩ ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሆናል።

ጠዋት ስትደርስ ውሃው ራቁቱን ነው። የማጣሪያው ዘበኛ የሆኑት አጎቷ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ የአጎበር ቁራጭ ይዘው ዳር ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ቅጠሌስ?»

«ገላገልኩሽ!» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «እንግዳ እየመጣ ይሄን ሁሉ ሻጋታ ታቅፈሽ? ሙልጭ አድርጌ አፈስኩልሽ። ሽታው እንዳያሳፍርሽም በረኪና ደፋሁበት።»

«የት ጣሉት?»

«የቆሻሻው መኪና ወሰደው።»

ደሟ ፈላ። መጮህ አማራት፤ ግን በማን ላይ ትጩህ? ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ደግሞም «ኩሬዬን ከወደዱት የቀሩትንም ይሰጡኛል» ከማለት በቀር ምን እንደምታበቅልበት አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

እንግዶቹ መጡ። የቡድኑ መሪ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ውሃው እንዲህ ከጠራ ቅጠሉ ምን ያደርጋል?»

«እስከ ትናንት እኮ ሞልቶ ነበር!»

«የሄድንበት ሁሉ ትናንት ሞልቶ ነበር» አለና ሳቀ። ስልኳን አውጥታ የቅጠሉን ፎቶ ብታሳየው ቀና ብሎም አላየው። «በሉ፣ መኪና ማቆሚያው ይቀጥል» ብሎ ሄደ። ሲወጣ በር ላይ የአጎቷን እጅ ጨብጦ ስለ ጽዳቱ አመሰገናቸው።

አጎቷ እየሮጡ መጡ። ፊታቸው በርቷል።

«ምን አሉ? ወደዱት አይደል?»

አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። ዞር ብላ ዋጠችው።

«ወደዱት፣ ጋሼ።»

«እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ! አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የቀሩትንም ሲሰጡሽ እኔው እጠርግልሻለሁ» አሉ።